የጁምዓ ማስታወሻ፦ «ግቡ» እስኪሉን ድረስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።  

የዛሬው ርዕሳችን በመጦሪያ ማዕከል ውስጥ የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው። ዳቦና ብርድ ልብስ ስለማድረስ ብዙ ተብሏል፤ አልሐምዱሊላህ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ነው። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት የመጨረሻ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉበት ግቢ ለእነሱ «ቤቴ» የሚባል ቦታ የሚሆነው በምንድን ነው?

ከቅርባችን እንጀምር። ዱቦን፣ አረካንና የሶዶን ዙሪያ የሚያውቅ ሰው የወላይታ ጠዋት ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ሀይታ ቱኬ ይፈላል፤ የቡናው ቅጠል ከነቅመሙ ተወቅጦ። ጎረቤት ይጠራል። በቤቱ ውስጥ የሽማግሌው መቀመጫ ይታወቃል፤ ልጅ ሲጫወት ቢቀመጥበት እንኳ እሳቸው ሲመጡ ብድግ ይላል። እናት ዓይናቸው ቢደክም፣ እግራቸው አልሄድ ቢላቸው፣ ደጅ ላይ ኮቴ ሲሰሙ «ማነው? ግባ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ቅጠሉን ምራታቸው ትወቅጠው ይሆናል፣ ውሃውን የልጅ ልጅ ይቀዳው ይሆናል፤ ጥሪው ግን የእሳቸው ነው። ማን አስቀድሞ እንደሚቀዳለት፣ ማን ሳይጠጣ እንደማይሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

አማርኛችን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ባለቤት» የሚል ቃል አለው። ባለቤት ስንል ካርታው በስሙ የወጣለትን ሰው ብቻ ማለታችን አይደለም። ባለቤት «ግቡ» ማለት የሚችል ሰው ነው፤ «ዛሬ አይመቸኝም» ማለትም የሚችል።

በሱረቱ አን-ነሕል (16፥80) አላህ (ሱ.ወ) ጸጋዎቹን ሲቆጥርልን፣ ቤቶቻችንን መርጊያ እንዳደረገልን ያስታውሰናል። በዐረብኛው «ሰከን» ነው የሚለው፤ «ሰኪና» ከምንለው እርጋታ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ነፍስ ጋብ የምትልበት ቦታ ማለት ነው። ጣሪያ ብቻውን ይህን አይሰጥም፤ ጣሪያማ መናኸሪያም አለው።

ታዲያ የሰው ቤት መርጊያ የሚሆነው በምንድን ነው? ሱረቱ አን-ኑርን ስናነብ መልሱ እናገኛለን። በ24፥27 የራሳችን ባልሆነ ቤት ሳናስፈቅድና ለቤቱ ሰዎች ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ ታዘናል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ተመለሱ ከተባልን እንድንመለስ ያዘናል፤ መመለሱም ለእኛው የጠራ እንደሆነ ይነግረናል። እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ደጅ ድረስ የደከመን እንግዳ የመመለስ መብት ለባለቤቱ ተሰጥቷል፤ እንግዳውም ቅር መሰኘት የለበትም። በእኛ ባህል ይህ ከባድ ነው፤ በር ላይ የተመለሰ ሰው ዓመት ሙሉ ያወራዋል።

በዚያው ሱራ 24፥58 ላይ ያለው ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ቅርብ ነው። ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻእ በኋላ፣ በእነዚህ ሦስት ጊዜያት፣ በቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወጣ ገባ የሚሉ አገልጋዮችና ገና ያልደረሱ ልጆች እንኳ ፈቃድ እንዲጠይቁ ታዟል። ልብ በሉ፤ እነዚህ እንግዶች አይደሉም። ሥራቸው ሆኖ ደጋግመው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ሥራዬ ነው ማለት ሰው ሐፍረቱን በሚሸፍንበት ሰዓት ዘው ብሎ ለመግባት ፈቃድ አይሆንም ማለት ነው።

ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት፣ ከአቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በገዛ ሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሌላ ሰው እንዳያሰግደው፣ በቤቱም ካለው የክብር መቀመጫው ላይ ያለፈቃዱ እንዳይቀመጥበት ከልክለዋል። ሐዲሱ የሚጀምረው ለኢማምነት ቅድሚያ ያለው ቁርኣንን ይበልጥ የሚያውቀው እንደሆነ በመናገር ነው። ከዚያ ግን ያ አዋቂ ሰው የሌላውን ቤት ሲረግጥ ፈቃድ ጠባቂ ይሆናል። የሽማግሌው መቀመጫ ነገር የወላይታ ወግ ብቻ ሳይሆን የነቢዩ ሱንናም ነው።

አሁን አንድ መጦሪያ ማዕከልን በዓይነ ኅሊናችን እንየው። ረጅም ክፍል፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ አልጋዎች። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ምግብ አቅራቢዋ ትገባለች፣ ነርሱ ይገባል፣ ጽዳቷ ትገባለች፣ ጎብኚ ይገባል። ዒድ ሲሆን ደግሞ ጀማዓ ሆነን እንገባለን፤ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ስልክ በእጃችን። አንዱ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ትከሻ ያቅፋል፣ አንዱ ያነሳል። እናቲቱ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ እንኳ የጠበቃቸው የለም። ወደ ማታ ፎቶው ይለጠፋል፤ «ማሻአላህ» ይጎርፋል። እኚያ ሴት ግን በዚያ ቀን ለአንድም ሰው «ግቡ» አላሉም። ልብስ ታጥቦላቸዋል፣ ምግብ ቀርቦላቸዋል፣ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። በራሳቸው አልጋ ላይ ግን እንግዳ ናቸው። ዓመት ሙሉ፣ ምናልባት እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እንግዳ።

«መጀመሪያውኑ ሙስሊም ወላጁን ማዕከል አያስገባም» የሚል ወንድም ይኖራል። በመሠረቱ ልክ ነው። ሱረቱል ኢስራእ (17፥23) ላይ ስለ ወላጆች እርጅና ሲነገር «ዒንደከ» የምትል ቃል አለች፤ አንተ ዘንድ፣ አንተ ጋ ሆነው ማለት ነው። እርጅናቸው ከእኛው ጋር እንዲሆን ነው የሚታሰበው። የአገራችንም ሕግ ቢሆን ከዚህ አይርቅም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። አቅም እያለው፣ ቤትም እያለው እናቱን አውጥቶ ማዕከል ያስቀመጠ ሰው መልሱን ለአላህ ያዘጋጅ፤ እኛ ለእሱ ምክንያት አንፈልግለትም።

ነገር ግን በማዕከል ያለ ሁሉ ልጁ የጣለው አይደለም። ልጅ ያልወለዱ አሉ። ልጆቻቸውን የቀበሩ አሉ። እንደ ወላይታ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለበትና መሬቱ የጠበበበት አገር ወጣቱ ወደ ሀዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ይሄዳል፤ የሄደው ሁሉ አይሳካለትም፤ ያልተሳካለትም ሁሉ አይመለስም። አባትን የሚያነሳ፣ የሚያጥብ፣ ሌሊት የሚነቃ ሰው ከቤት ሲጠፋ ፍቅር ብቻውን አያነሳቸውም። አእምሯቸው የዛለ፣ ከቤት ወጥተው መመለሻው የሚጠፋባቸውም አሉ፤ ሱረቱ አን-ነሕል (16፥70) ከሰው መካከል ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ዕድሜ የሚመለስ እንዳለ ይነግረናል። እነዚህን ሁሉ «የተጣሉ» እያልን ስንጠራ ልጆቹን የቀጣን ይመስለናል፤ የሚሰማው ግን አልጋው ላይ ያለው አባት ነው።

አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» በተባለው መጽሐፋቸው የዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ ያመጣሉ። ዑመር አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከሰው ደጅ ቆሞ ሲለምን አዩ። አይሁዳዊ ነበር። ለምን እንደሚለምን ሲጠይቁት ግብሩ፣ ችግሩና እርጅናው እንደሆነ ነገራቸው። እጁን ይዘው ወደ ገዛ ቤታቸው ወሰዱት፣ ካላቸው ሰጡት፤ ከዚያም ወደ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ልከው እሱንና መሰሎቹን እንዲመለከት አዘዙ። በጉብዝናው ተጠቅመንበት በእርጅናው ብንጥለው ፍትሕ አይሆንም የሚል ነው ክርክራቸው። ሰውየው ሙስሊም አልነበረም፤ ዘመዳቸውም አልነበረም። ከደጅ አንስተው መጀመሪያ ያስገቡት ግን ቤታቸው ነው።

በአገራችን ዛሬ ይህን ሸክም ከተሸከሙት መካከል ሁላችንም የምናውቀው መቄዶንያ ነው። ወንድማችን ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምረው በቤተሰቡ ቤት ነበር፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይጠለሉበታል። በማዕከሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አልጋ ለአልጋ ተጎራብቶ ይኖራል። ይህ ሥራ ከቤተሰብ ቤት መጀመሩ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ነው። ቤት የነበረው ማዕከል ሆነ። አሁን የቀረው ጥያቄ ማዕከሉ ሲሰፋ፣ ሰው ሲበዛ፣ ያ የመጀመሪያው ቤትነት እንዴት ይቆያል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የምናነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያነሳ፣ የሚያጥብና የሚያበላ ተንከባካቢ ከእኛ የሚፈልገው እገዛ ነው። ትችቱን ለራሳችን እናስቀረው።

እስቲ ወደ መካ እንሂድ። ዓመቱ 8ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው። አቡ ቁሓፋ፣ የአቡበክር (ረ.ዐ) አባት፣ ያኔ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ገና አልሰለሙም። ሠራዊቱ ሲቃረብ ትንሽ ልጃቸውን አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ እንድታወጣቸው ጠየቋት። «ምን ይታይሻል?» አሏት። የተሰበሰበ ጥቁር ነገር እንደሚታያት ነገረቻቸው፤ ፈረሰኞች መሆናቸውን አስረዷት። አንድ ሰው ከፊታቸው ወዲያ ወዲህ እንደሚል ስትነግራቸው፣ እሱ አዛዡ እንደሆነ ነገሯት። ልጅቱ ዓይን ነበራት፣ እሳቸው ደግሞ እውቀት። በእርጅና የሚቀር ነገር አለ፤ የማይቀርም አለ።

ከተማዋ ከተከፈተች በኋላ አቡበክር አባታቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አመጧቸው። ረሱል ሲያዩዋቸው የተናገሩት ነገር ነው የዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት። ሽማግሌውን ለምን እቤታቸው አልተዋችኋቸውም፣ እኔው ራሴ እሄድላቸው ነበር፤ ይህን ነው ያሉት። አቡበክርም እርስዎ ወደ እሱ ከሚሄዱ እሱ ወደ እርስዎ ቢመጣ የተገባ ነው ብለው መለሱ። ከዚያ ረሱል ሽማግሌውን ከፊታቸው አስቀመጡ፣ ደረታቸውን አበሱ፣ ወደ ኢስላም ጠሯቸው፣ ሰለሙም።

ለዓመታት ስታሳድደው የኖረች ከተማ የተከፈተችለት ሰው በዚያ ቀን ስንት ጉዳይ አለበት? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ያሰቡት የአንድን ዓይነ ስውር ሽማግሌ መንገድ ነው። ደግሞም «አምጡልኝ» አላሉም፤ ወደ ቤታቸው ሄደው፣ በበራቸው ቆመው፣ በእሳቸው ፈቃድ መግባት ነበር የፈለጉት። ገና ባልሰለመ ሰው ቤት።

ይህን ይዘን ማዕከል ስንሄድ ምን እናድርግ?

ብዙ ጊዜ ክፍሉ የጋራ ነው፤ የሚንኳኳ በር የለም። እንግዲያው ቤቱ አልጋው ነው። ግርጌው ላይ ቆመን ሰላምታ እናቅርብ፤ እስኪመልሱ፣ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ፣ «ተቀመጥ» እስኪሉ እንጠብቅ። አልጋው ላይ አንቀመጥ፤ ወንበር ከሌለ መሬትም ይበቃናል። ዛሬ አልቻልኩም ካሉ ተሰናብተን እንሂድ፤ ቅር አንሰኝ፣ አንቀጹ መመለሱ ይጠራል ብሏልና። መርዳት የሚፈልግ ባለሀብት ደግሞ በየአልጋው መካከል መጋረጃ ያሰፋ። ሦስቱ የሐፍረት ሰዓታት በክፍት አዳራሽ ውስጥ የሚከበሩት በመጋረጃ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ በሬ ይረክሳል። ፎቶ የሚባለውን ነገር ለዛሬ እንተወው፤ የሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ የሚያነሳ ማነው?

ስማቸውን እንጠይቅ። በማዕከል ውስጥ ሁሉም «አባባ» ሁሉም «እማማ» ይሆናል፤ አክብሮት ነው፣ ግን ከመቶ ሰው አንዱን አይለይም። እኚያ እናት በሠፈራቸው ስልሳ ዓመት «የእገሌ እናት» እየተባሉ ሲጠሩ ኖረው ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ሞቶም ከሆነ ያ ስም ብቻ ነው የቀራቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦችን በኩንያ፣ በልጅ ስም አባት ብለው፣ ይጠሩ ነበር። ሐጅ ያደረጉ ከሆነም «ሐጂ» እንበላቸው፤ የደከሙበት ነው።

ዒባዳን በተመለከተ ትንሽ ነገር ብዙ ይለውጣል። ከወላይታ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ፤ በግድግዳው ላይ በተፈቀደልን ቦታ ትንሽ ምልክት እናድርግ፣ ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ አልጋቸውን ስናዞር እንንገራቸው። ውሃ ዘንድ መድረስ ለማይችል፣ ወይም ውሃ ለሚጎዳው፣ ንጹሕ አፈር በእቃ አድርገን ራስጌው እናስቀምጥ፤ ተየሙም ለዚሁ ነው የመጣው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ረሱል ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ቆሜ ካልሰገድኩ ሶላት የለኝም ብለው ለዓመታት የተዉ ሽማግሌዎች አሉ። ይህን አንድ ሐዲስ በጆሯቸው ቀስ ብሎ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ስንት ሶላት ይመለሳል! አእምሯቸው የሄደባቸው ደግሞ ዙህርን ሁለቴ ቢሰግዱ ዝም እንበላቸው። ቀለም ተነሥቶላቸዋል።

ምግብ ላይ የአገራችንን ነገር እናውቃለን። የሥጋ ጉዳይ። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ወጥ ቤት በሚበሉበት ማዕከል የእርድ ነገር ለአስተዳዳሪው ራስ ምታት ነው፤ ምንም ሳይበሉ ዝም ብለው የሚያድሩ እናቶችም ይኖራሉ፤ ቅሬታ መናገር ያሳፍራቸዋል። ይህን ከማጉረምረም ይልቅ በየወሩ የምናርደውን ከነድስቱ ይዘን እንሂድ፣ በክርስቲያኑ ጾም ወራት ደግሞ ለጎረቤት አልጋ የሚሆን የጾም ምግብ አብረን እንያዝ። በዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ወይም በማንኛውም የአገራችን ሆስፒታል አስታማሚ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከቤት በሰሃን ተሸፍኖ የመጣ ምግብ ለአንድ አልጋ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ጎን ያለው ሳይቀምስ አይበላም። ያ ነው ክፍሉን ቤት የሚያስመስለው። መጦሪያ ማዕከል ውስጥ የጎደለው አስታማሚው ነው።

አሁን የምለው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። እንዲሰጡን እንፍቀድላቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በኮኔክቲከት ግዛት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን ማዕከል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በአንዱ ፎቅ ላሉ አረጋውያን ክፍላቸውን እንዴት እንደሚያደርጉት፣ ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉት ውሳኔው የእነሱ እንደሆነ ተነገራቸው፤ አንድ የአበባ ተክል ተሰጣቸው፣ ተንከባካቢዎቹም እነሱ ሆኑ። በሌላው ፎቅ ላሉት ሠራተኞቹ ሁሉን እንደሚያደርጉላቸው ተነገራቸው፤ ተክሉም ተሰጣቸው፣ ውሃ የምታጠጣው ግን ነርሷ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ የነቁና ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ውሳኔውና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ነበር። የሚጦር ሰው ብቻ ሳይሆን የሚጠየቅም፣ የሚወስንም ሰው መሆን።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) አርጅተው መጾም ሲያቅታቸው ለእያንዳንዱ ቀን ምስኪን ያበሉ ነበር፤ ዳቦና ሥጋ። ሸሪዓው መጾም ያቃተውን ሽማግሌ እንኳ አብይ አድርጎታል (2፥184)። እኛ ደግሞ ሽማግሌን ሁልጊዜ ተቀባይ እናደርገዋለን። በማዕከል ያሉ እናት በእጃቸው አንድ ነገር እንዲኖር፣ ለመጣ ሕፃን የሚሰጡት ቴምርም ቢሆን፣ አስቀድመን አስይዘናቸው እንሂድ። ቁርኣን የሚያውቁ አባት ካሉ የመድረሳ ልጆች ይዘን እንሂድ፤ ልጆቹ ቀርተው ይስሙ፣ እሳቸው ያርሙ። ዱዓ እናድርግላቸው ከማለታችን በፊት ዱዓ ያድርጉልን። የቡና ቅጠልና ዕቃ ይዘን ሄደን፣ ሀይታ ቱኬውን አፍልተን፣ ማን እንደሚጠራ እናትን እንጠይቅ። የጎረቤት አልጋ ክርስቲያን ይጥሩ፣ ጽዳቷን ይጥሩ፣ ሥራ አስኪያጁን ይጥሩ። ጥሪው የእሳቸው ይሁን፤ እኛ እንቅዳ።

በኔዘርላንድስ ዴቬንተር በምትባል ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን ማዕከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያለ ኪራይ ይኖራሉ፤ ክፍያቸው በወር ሠላሳ ሰዓት ለአረጋውያኑ መልካም ጎረቤት መሆን ነው። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእናታችሁ ርቃችሁ ያላችሁ፣ ሠላሳ ሰዓት ብዙ ነው አንልም፤ በሳምንት አንዲት ከዐስር እስከ መግሪብ ያለች ሰዓት አትበዛባችሁም። አንድ ሰው አንድን ሽማግሌ ይያዝ፤ ሁልጊዜ እሱኑ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። የሚጠበቅ እንግዳ ያለው ሰው ቤት አለው።

የመጨረሻው ስለ ዕድር ነው፤ ብዙ የማይነገር ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ አባት ከሠፈር ወጥተው ማዕከል ሲገቡ ዕድራቸው ይቋረጣል። መዋጮ የሚከፍል የለም፣ ስማቸው ከመዝገቡ ይሰረዛል። ሽማግሌ ሌሊት ሌሊት የሚያስበው ይህን ነው፤ ማን ያጥበኛል፣ ማን ይሰግድብኛል፣ ማን ይቀብረኛል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች፤ ከመስጂድ ስትጠፋ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ ሞታለች ተባሉ። ሰዎቹ ነገሯን አቅልለው አይተውት ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም ብለው መቃብሯን እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ፣ ሄደውም ሰገዱባት። ሴትዮዋ ከጀማዓው መዝገብ አልወጣችም ነበር፤ በእሳቸው ዘንድ።

የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ የዕድር ዳኞች፣ ይህን ታነቡ ከሆነ፦ ከሠፈራችሁ ወደ ማዕከል የሄዱ ሰዎችን ስም ጻፉ። መዋጯቸውን ዕድሩ ራሱ ወይም አንድ ባለሀብት ይሸፍን፤ በወር የምትወጣው ገንዘብ ትንሽ ናት። ከዚያ ሄዳችሁ ንገሯቸው፦ «አባት፣ ዕድርዎ አልተቋረጠም። እርስዎ የሠፈራችን ሰው ነዎት» በሏቸው። ይህን ሰምቶ የተኛ ሽማግሌ እንዴት እንደሚያድር የሚያውቀው አላህ ነው።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከመበተናችን በፊት ኢማሞቻችን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁን፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከዚህ ሰፍ የጠፉ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው፣ አሁን የት ናቸው?

አላህ ሆይ፣ አረጋውያኖቻችንን ማርልን፣ ደካማቸውን አበርታልን፣ ቤታቸውን መርጊያ አድርግላቸው፤ የሚያጥቧቸውን፣ የሚያነሷቸውንና ሌሊት የሚነቁላቸውን ሁሉ አግዝልን። አሚን።